ውሉ የጠፋ ሽቦ

ሻርጃ፣ ሰናያ ውስጥ፣ ከጎማ ሱቅ ጀርባ፣
በሐምሌ እኩለ ሌሊት መኪናዋ ስትገባ፣
በጭነት መኪና ላይ እንደ ሕፃን ታዝላ፣
ሁለት ወንበር ብቻ፣ አፍንጫዋ ሹል፣ የሸራ ጣሪያዋ የላላ፤
ቀይነቷ የሳሳ፣ ፀሐይ እንደመታው ቲማቲም፣
ዕድሜዋ ከኔም ይበልጣል፣ ከጋራዡም።

ሱሄይል ቁልፉን ሰጠኝ። ቀጠለና አንድ ቆርቆሮ፣
ድሮ ተምር የነበረበት፣ አሁን በብረት ተወጥሮ።
«ከሆዷ የወጣ ነው፤ ምን ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።
አባቴ ያውቅ ነበር። እሱም አሁን የለም።»

ጋዜጣ ዘርግቼ ደፋሁት።
ሰባት ናቸው። ስም የለሽ ሰባት።
አንዱ ክብ፣ ቁመቱ የአውራ ጣት፤
አንዱ ሦስት እግር ያለው፣ ጥቁር፣ ጽሑፉን ዝገት የላሰው፤
አንዱ የናስ ማብሪያ፣ ጫፉን የሰው ጣት ያለሰለሰው፤
የቀሩትን ለጊዜው ተዋቸው።
ኩንጁሞን አንድ በአንድ አሽትቶ በኬረላ ቋንቋው አማቸው፤
«እግዜርም ቢሆን» አለ ኋላ፣ «ካታሎግ ሳይገልጥ አያውቃቸው።»

እኔ ግን ኮምቦልቻ፣ በጋሽ እንድሪስ እጅ ነው ያደግሁት፤
ባትሪ በምላሱ የሚለካ ሰው፣ መጽሐፍ ሲገልጥ ያላየሁት።
«ዕቃ ስሙን ይረሳል» ይል ነበር፣ «ሥራውን ግን አይረሳም፤
እሳት ስጠውና ዝም በል። ያኔ መናገሩ አይቀርም።»

ክቡን ከአምፖል ጋር አሰርኩና እሳት ሰጠሁት።
ዝም።
ላቤ ከአገጬ ጋዜጣው ላይ ሲንጠባጠብ ቆጠርኩት።
ከዚያ፣ ቀጭ። ቋ። ቀጭ። ቋ። አምፖሉ በራ፣ ጠፋ።
ፍሬቻ ነው ለካ! ግራ ቀኙን ሳይናገር ስንት ዓመት የተደፋ።

ባለ ሦስት እግሩን አሥራ ሁለት ቮልት አጎረስኩት፤
አሥር መለሰልኝ። ሁለቱስ? ብዬ ጠየቅኩት።
ከመሀል ይቆርጣል፣ ወደዚህ እንደላከኝ ደላላ!
ይኼስ ግን ለደግ ነው፤ የነዳጁ ጠቋሚ እንዳይዋሽ ብሎ ነው የበላ።

የናሱ ማብሪያ ቀረ።
የሽቦውን ካርታ ወለሉ ላይ ዘርግቼ በጣቴ ሄድኩበት፤
ከዲናሞ እስከ ክላክስ፣ ከቦቢና እስከ መብራት፤
ቦታ የለውም። ፋብሪካው አያውቀውም።
እኔንም፣ ውሌ ካበቃ ወዲህ፣ ቢሮው አያውቀኝም።

ውሉን ፈለግኩት፤ የሽቦውን ማለቴ ነው።
በሦስተኛው ሌሊት፣ ከሹፌሩ ወንበር ሥር፣ ምንጣፉን ሳነሣ፣
አንድ ጥቁር ሽቦ፣ ከቦቢናው መጥቶ የተቆረጠ፣ ያለ ማሳ።
ማሳ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁና
ቶሎ አላለፍኩትም።
ጫፉ ላይ በሰም የታሸ ክር፣ የተቋጠረ፣
በኤሌክትሪክ ሠሪ እጅ ያልታሰረ።

ሱሄይል መጣ። መዳፌ ላይ አየው፣ ቋጠሮውን።
ስልኩ ጮኸ፤ አላነሣውም።
«የአባቴ ነው። መረብ ሲጠግን እንዲህ ነበር የሚያስረው።»
ወንበሯ ላይ ቁጭ አለ፣ እግሮቹን ውጭ ትቶ።
«አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እሱ ሲተኛ ቁልፉን እሰርቃለሁ።
ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን እምቢ!
ጠዋት እሱ ሲገባ በአንድ ዙር ትነሣለች።
ጂን አለባት ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።
ሳቀች። ያኔ ለምን እንደሳቀች...»
አልጨረሰውም።

እሳቱን ከካንዴላው ሰርቆ ወደ ማሳ የሚያፈስ
የናስ ቁራጭ፤ ሌባ የያዘ፣ ሌባውን ሳይከስ።

«ይቅር ወይስ ይመለስ?» አልኩት።
ቋጠሮውን ሳይፈታ በጣቶቹ መሀል አገላበጠው።
«መልሰው» አለ። «ልጄን ባለፈው ወር አሥራ ስድስት ሞላው።»

ሽቦውን እኔ ዘረጋሁ፤ ማሳም ሰጠሁት።
ክሩን ግን ራሱ አሰረው። ሦስቴ ተሳሳተ፤ አላገዝኩትም።

ከሰባቱ አንዱ እስከ ዛሬ አልተናገረም።
ቆርቆሮው ውስጥ ነው። አንዳንድ ሌሊት እሳት እሰጠውና
ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።